የኋላ ባሌስትራ፤ ከሠረገላ እስከ ሞዴል ቲ

በጋራዦቻችን ውስጥ የመኪናን ክብደት ተሸክሞ የመንገድን ንዝረት የሚያበርደውን ተደራራቢ ብረት «ባሌስትራ» ብለን እንጠራዋለን። ቃሉ እንደ ቡሎን፣ እንደ ዳዶ፣ እንደ ክሪክና እንደ ካቻቢቴ ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። በምንጩ ቋንቋ ግን ባሌስትራ አስቀድሞ የጦር መሣሪያ ስም ነበር፤ ይኸውም በእንጨት እጀታ ላይ ተጋድሞ የሚወጠርና በምላስ የሚለቀቅ የመካከለኛው ዘመን ቀስት ነው። የመኪናው ብረት በዚህ ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ተለምጠው ኀይል ያጠራቅማሉ፤ ሲለቀቁም ያጠራቀሙትን ይመልሳሉ። ልዩነታቸው ቀስቱ ኀይሉን በአንድ ጊዜ ለፍላጻው ሲያስረክብ፣ ባሌስትራው ግን በዕድሜው ዘመን ሁሉ ከመንገድ እየተቀበለ ለመንገድ የሚመልስ መሆኑ ነው።

የአሮጌ መኪናን የኋላ ባሌስትራ መለወጥ በብዙዎች ዘንድ እንደ ተራ የጋራዥ ሥራ ይቈጠራል። በእርግጥም ጥቂት መፍቻዎች፣ አንድ ክሪክና ሁለት ብርቱ ሰዎች ካሉ ሥራው ከአንድ ቀን አያልፍም። ነገር ግን ጥንታዊ መኪናን ለማደስ የተነሣ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። አሮጌው ብረት ወጥቶ አዲሱ ሲገባ፣ ከብረቱ ጋር የንድፉ ሐሳብ አብሮ ይወጣል ወይስ ይጠበቃል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ባሌስትራው ከየት እንደ መጣና ምን ሥራ እንደ ተሰጠው ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሠረገላ የተወረሰ ብረት

የአውሮፓ ሠረገላ ሠሪዎች ለረጅም ዘመን የተጓዡን መቀመጫ በወፍራም የቆዳ ጠፍር ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። ይህ አሠራር ንዝረትን በመጠኑ ቢቀንስም ሠረገላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲወዛወዝ ያደርገዋል። ከዚህም በላይ የፊቱንና የኋላውን አክስል የሚያገናኝ ከባድ የእንጨት ምሰሶ በሥሩ እንዲዘረጋ ግድ ይል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ኦባዲያ ኤሊየት የተባለ የለንደን ሠረገላ ሠሪ ተደራራቢ የብረት ቅጠሎችን በሁለት ቅስት አጋጥሞ በእንቁላል ቅርጽ በመሥራት፣ ባሌስትራውን በአካሉና በአክስሉ መካከል በቀጥታ አስቀመጠው፤ ለዚህም የፈጠራ መብት ተሰጠው። በዚህ ዘዴ ከባዱ ምሰሶ አስፈላጊነቱ ቀረ፤ ሠረገላውም ቀለለ፣ ዝቅም አለ።

የዚህ አሠራር ብልኀት ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። በመካከሉ ተይዞ በሁለቱ ጫፎቹ የሚጫን ብረት ከፍተኛው ጫና የሚያርፈው በመካከሉ ላይ ነው፤ ወደ ጫፎቹ በተጠጋን ቍጥር ጫናው ይቀንሳል። ስለዚህ ብረቱ በመካከሉ ሰፊ፣ በጫፎቹ ጠባብ ቢሆን ውጥረቱ በርዝመቱ ሁሉ እኩል ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰፊ ብረት በቀጫጭኑ ቈርጠን አንዱን በሌላው ላይ ብንደራርበው ረጅሙ ከላይ፣ አጭሩ ከታች የሆነ ባሌስትራ እናገኛለን። እያንዳንዱን ተደራራቢ ብረት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ቅጠል» እንለዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1856 ሄንሪ ቤሰመር ብረትን በርካሽ ወደ ዐረብ ብረት የሚለውጥበትን ዘዴ ካሳወቀ በኋላ፣ የባሌስትራ ሥራ ከጥቂት አንጥረኞች እጅ ወደ ፋብሪካ ለመሸጋገር መንገድ አገኘ። አውቶሞቢል ሲወለድም ይህን ብረት ከሠረገላ ወረሰ። ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለ ሦስት ጎማ መኪና ከኋላ በኩል የተቀመጠው በእንቁላል ቅርጽ በተሠሩ ባሌስትራዎች ላይ ነበር። ሞተሩ አዲስ ሲሆን የሚሸከመው ብረት ግን የሠረገላ ሠሪዎች ነበር ማለት ይቻላል።

የሞዴል ቲ ንድፍ

ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1908 ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ገጠር መንገድ ምን ይመስል እንደ ነበረ ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1904 የተደረገውን ቈጠራ ማየት ይበቃል። ከ2 ሚሊዮን ማይል በላይ ከሚሆነው የገጠር መንገድ ውስጥ በጠጠር ወይም በሌላ ነገር የተሻሻለው ከመቶ 7 ያህሉ ብቻ ነበር። የቀረው በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ስለዚህ የመኪናዋ ገበያ ገበሬው ከሆነ፣ የመኪናዋ ፈተና መንገዱ ነበር።

በጊዜው ብዙ መኪኖች በሻንሲያቸው ርዝመት ልክ በግራና በቀኝ የተዘረጉ አራት ባሌስትራዎች ነበሯቸው። ፎርድና ባልደረቦቹ ግን ሁለት ብቻ አደረጉ፤ አንዱ ከፊት አክስል በላይ፣ ሁለተኛው ከኋላ አክስል በላይ፣ ሁለቱም በመኪናዋ አግድም። የኋላው ባሌስትራ በዲፈረንሻሉ ላይ እንደ ድልድይ ቅስት ጐብጦ ያልፋል። መካከሉ በሻንሲው የኋላ አግዳሚ ሥር በሁለት የታጠፉ ማቀፊያ ቡሎኖች ይታሰራል። ጫፎቹም በማንጠልጠያ አማካይነት ከአክስሉ ግራና ቀኝ ጋር ይያያዛሉ። ሞተሩ ጎማውን ሲገፋ የሚፈጠረውን ግፊት የሚቀበለው ባሌስትራው አይደለም፤ የማስተላለፊያውን ዘንግ የሚሸፍነው ቱቦና ከአክስሉ ወደ ፊት የሚዘረጉት ሁለት ዘንጎች ናቸው። ለባሌስትራው የቀሩት ሥራዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ ክብደት መሸከም፣ ሁለተኛ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት መያዝ፣ ሦስተኛ በቅጠሎቹ ሰበቃ ንዝረትን ማብረድ። ሞዴል ቲ ከፋብሪካ ስትወጣ ሾክ አብዞርበር አልነበራትም።

ከዚህ ንድፍ የተገኘው ጥቅም ታላቅ ነው። የፊቱ አክስል ወደ ግራ፣ የኋላው ወደ ቀኝ ሲያጋድል፣ ሁለቱም በመካከላቸው ስለሚያዙ ሻንሲው እንደ ሌሎቹ መኪኖች አብዝቶ አይጠማዘዝም። ክብደቷ 540 ኪሎ ግራም ያህል የነበረው ይህች መኪና በቦይና በድንጋይ ላይ በቀላሉ ለመረማመድ የቻለችው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ብረቱ ነው። ፎርድ በባሌስትራ፣ በአክስልና በጥርስ ሥራ ላይ ቫናዲየም የተቀላቀለበትን ዐረብ ብረት ተጠቅሟል፤ ይህንንም በማስታወቂያዎቹ አጥብቆ ይናገር ነበር። የዚህ ብረት ጥቅም በአነስተኛ ክብደት ብዙ ውጥረትንና ድካምን መቋቋሙ ነው።

ሞዴል ቲ እ.ኤ.አ. እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ዋጋዋም ከ850 ዶላር ተነሥቶ በ1920ዎቹ አጋማሽ የርካሿ ዓይነት ወደ 260 ዶላር ወርዷል። እንዲህ ያለ ቍጥር ያለው ምርት የሚሸጠው ከሠለጠነ መካኒክ ርቆ ለሚኖር ሰው በመሆኑ፣ የባለቤቱ መመሪያ መጽሐፍ ጥገናን በጥያቄና መልስ ያስተምር ነበር። ስለ ባሌስትራም የሰጠው ምክር ዛሬ ድረስ ትክክል ነው። የማቀፊያ ቡሎኖቹ ከላሉ ሸክሙ ሁሉ በመካከለኛው ቡሎን ላይ ይወድቃል፤ ያም ቡሎን ሲቈረጥ አካሉ በአክስሉ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

አለዋወጡ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ባሌስትራ መለወጥ አለበት የሚያሰኙ ምልክቶች ብዙ አይደሉም። ከቅጠሎቹ አንዱ ተሰብሮ ሊገኝ ይችላል። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ልታጋድል፣ ወይም ቅስቱ ጠፍቶ አክስሉ ወደ አካሉ ሊጠጋ ይችላል። የመካከለኛው ቡሎን ተቈርጦ ከሆነ ግን ቅጠሎቹ ደኅና ሆነው ሳሉ መኪናዋ በሰያፍ ስትሄድ ትታያለች። በዚህ ጊዜ ሙሉ ባሌስትራ ከመግዛት በፊት ምክንያቱን መለየት ይገባል።

የፊት ጎማዎች በጽኑ ከተደገፉ በኋላ ሻንሲው ከኋላ በክሪክ ይነሣና በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ ስላልሆነ ማንም ሰው በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት የለበትም። ክብደቱ ከባሌስትራው ላይ ሲነሣ ብዙ ሰው ኀይሉ ያለቀ ይመስለዋል። በሞዴል ቲ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። የባሌስትራው ተፈጥሯዊ ቅስት በአክስሉ ላይ ካሉት ሁለት መያዣዎች ርቀት ያነሰ ስለሆነ፣ መኪናዋ በአየር ላይ ብትሆንም ባሌስትራው በሁለቱ ማንጠልጠያዎች መካከል እንደ ተወጠረ ይቀራል። ቀስቱ ገና አልተለቀቀም ማለት ነው። ዳዶውን ፈትቶ ማንጠልጠያውን በመዶሻ የሚመታ ሰው እጁን ወይም ፊቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ባሌስትራውን በሁለቱ ጫፎቹ የሚገፋና የሚለጥጥ መሣሪያ ተጠቅሞ፣ ማንጠልጠያዎቹ ከውጥረት ሲያርፉ ማውለቅ ነው። ከዚያም መሣሪያው ቀስ በቀስ ይለቀቃል። ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅጠሎቹ በብርቱ መቆንጠጫ ከተያዙ በኋላ የመካከለኛው ቡሎን ይወጣል፤ መቆንጠጫው በጥቂት በጥቂቱ ሲላላ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ውጥረታቸውን ይለቃሉ። ሲመለስ ደግሞ አስቀድሞ ዋናው ረጅም ቅጠል ብቻ ይታሰራል፤ ብቻውን ሲሆን በቀላሉ ይለመጣልና። የቀሩት ቅጠሎች ከጥርሱ ብዛት የተነሣ ረጅም በሆነ ቡሎን እየተሳቡ በላዩ ይደረደራሉ። በዚህ አሠራር ኀይሉ በሠራተኛው ቍጥጥር ሥር ሆኖ ያድጋል፤ በድንገት የሚዘል ነገር የለም።

ባሌስትራው ከወጣ በኋላ ማንጠልጠያዎቹና ቦኮላዎቹ ይመረመራሉ። በተበላ ቦኮላ ላይ አዲስ ባሌስትራ ማሰር ጎማው ወደ ጎን እንዲዋልል መተው ነው። ቅጠሎቹ ተለያይተው ዝገታቸው ይጸዳል፤ ጫፋቸው በላይኛው ቅጠል ላይ ጕድጓድ ቈፍሮ እንደ ሆነ ይታያል፤ በመካከላቸውም ግራፋይት ያለው ግራሶ ይቀባል። ሰበቃው ፈጽሞ እንዲጠፋ አንፈልግም፤ በዚህች መኪና ንዝረትን የሚያበርደው እርሱ ነውና። የምንፈልገው ሰበቃው በዝገት ምክንያት እንዳይቈላለፍና ቅጠሎቹ እርስ በርስ እንዳይቈራረጡ ነው። በባሌስትራውና በሻንሲው አግዳሚ መካከል የሚገባው መከዳ ይታደሳል፤ የመካከለኛው ቡሎን ራስ በአግዳሚው ላይ በተዘጋጀለት ቀዳዳ ውስጥ መግባቱ ይረጋገጣል። ማቀፊያ ቡሎኖቹ በሚገባ ይጠበቃሉ፤ መኪናዋ ጥቂት መንገድ ከተጓዘች በኋላም ተመልሶ ማጥበቅ ግዴታ ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ሲደላደሉ ቡሎኑ ይላላልና።

የውፍረት ጥያቄ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የሚመጣው የዋናውን ዓይነት ባሌስትራ ማግኘት ሲያዳግት ነው። በዚህ ጊዜ ከሌላ መኪና የተገኘ ወፍራም ቅጠል ቈርጦ ማስገባት፣ ወይም በነበረው ላይ ቅጠል መጨመር ቀላል መፍትሔ ሆኖ ይታያል። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። የቅጠል ግትርነት ከውፍረቱ ጋር የሚያድገው በሦስት እጥፍ ብዜት ነው። ውፍረቱ ከመቶ 10 ቢጨምር ግትርነቱ ከመቶ 33 ይጨምራል። ሁለት እኩል ቅጠሎችን አውጥተን የሁለቱን ውፍረት ያህል በሆነ አንድ ቅጠል ብንተካቸው፣ ቁመናው ተመሳሳይ ቢመስልም ግትርነቱ 4 ጊዜ ይበልጣል። በዚያው ልክ ብንለምጠውም በብረቱ ገጽ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት በሁለት እጥፍ ያድጋል። ጠነከረ የተባለው ባሌስትራ ፈጥኖ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። ካልተሰበረም ያልተቀበለውን ምት ለአክስሉና ለሻንሲው ያስተላልፋል።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ጕብጠቱ ነው። ጥንቃቄ በተሞላበት አሠራር እያንዳንዱ አጭር ቅጠል ከበላዩ ካለው ረጅም ቅጠል ይበልጥ እንዲጐብጥ ይደረጋል። በመካከለኛው ቡሎን ሲታሰሩ አጭሩ ረጅሙን ወደ ላይ ይደግፈዋል፤ በዚህም ሁለቱን ማንጠልጠያዎች ከያዘው ዋናው ቅጠል ላይ ውጥረት ይቀንሳል። ይህን ሳያውቅ ሁሉንም ቅጠል በአንድ ልክ ያጐበጠ ሠራተኛ፣ ሊጠበቅ የሚገባውን ቅጠል ያለ ጠባቂ ያስቀረዋል።

ብረት እንደሚደክም የ19ኛው መቶ ዓመት የባቡር መሐንዲሶች በተሰበሩ አክስሎች ተምረዋል። በባሌስትራም ስንጥቅ የሚጀምረው በሚለጠጠው ገጽ ላይ ካለ ጭረት፣ ከዝገት ጕድጓድ ወይም ከቡሎን ቀዳዳ ዳር ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ የነበረው ጆን አልመን የብረትን ገጽ በጥቃቅን የብረት እንክብሎች በመደብደብ ዕድሜውን ማራዘም እንደሚቻል በጥልቀት አጠና። ይህም በዘመናዊ ባሌስትራ ሥራ የተለመደ ሆኗል። በሌላ በኩል፣ ቅጠልን በእሳት አግሎ እንደገና ማጕበጥና በዚያው መተው ፋብሪካው የሰጠውን ጥንካሬ ያጠፋል። ተመልሶ በዘይት ካልቀዘቀዘና በልኩ ካልሞቀ ባሌስትራው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ተመልሶ ይተኛል።

ፎርድ አግድም ባሌስትራውን እስከ 1948 ሞዴል ድረስ ይዞ ቆየ፤ በ1949 ሞዴል ግን ተወው። ሐሳቡ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1981 ኮርቬት የተባለችው መኪና ከመስታወት ጭረትና ከሙጫ በተሠራ አንድ ቅጠል ብቻ የኋላ አክስሏን መሸከም ጀመረች፤ ክብደቱም የብረቱን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነበር።

ባሌስትራ በእኛ ዘንድ

ወደ አገራችን አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ወልስሊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ጠረፍ አንሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ እስከ አዲስ አበባ አደረሳት። እርሷም እንደ ዘመን ጓደኞቿ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠች ነበረች። ቃሉ በሠራተኛው አንደበት የሰፋው ግን በአብዛኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የኢጣልያ ወረራና ከዚያ በኋላ በመጡት የጣሊያን ከባድ መኪኖች ነው። ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሏት ፊያት 682 ኤን 3 በየዳገቱ ስትጫን የኖረችው በባሌስትራዋ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በጋራዦቻችን የተከማቸ ብዙ ዕውቀት አለ። ቅጠል በድምፁ ስንጥቅ እንዳለበት የሚለይ፣ ቅስትን በዓይኑ የሚለካ ሠራተኛ በየከተማው ይገኛል። የተሰበረውም አይጣልም። ዐረብ ብረት ነውና አንጥረኛው ቢላዋ፣ ማጭድና መጥረቢያ ያወጣበታል። በአንዳንድ ከተሞች ደግሞ ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ በፈረስ ጋሪ ሥር ገብቶ ይታያል። ከሠረገላ የተነሣው ብረት ከመቶ ዓመት በላይ በመኪና ዞሮ ወደ ሠረገላ ተመለሰ ማለት ነው።

ሆኖም ይህ ዕውቀት በአብዛኛው በቃል የሚተላለፍ እንጂ የተጻፈ አይደለም። አንድ ባለሙያ ሥራውን ሲያቆም ልኬቱና ልምዱ አብሮት ይሄዳል። ጭነት ለመጨመር ሲባል ቅጠል የመደረብ ልማድም የተስፋፋው፣ የመጀመሪያው ንድፍ ልክ ምን እንደ ነበር የሚነግር ወረቀት በእጅ ስለማይገኝ ጭምር ነው። ይህ ጉዳይ የጥንታዊ መኪና ወዳጆችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዛሬም በመንገዶቻችን ላይ የሚመላለሱ ፒክ አፖችና የጭነት መኪኖች ከኋላ በባሌስትራ ነው የሚሄዱት።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ሦስት ነገሮችን እንዲያስቡባቸው ይህ ጸሐፊ ያሳስባል። አንደኛ፣ ማንኛውም ባሌስትራ ከመፈታቱ በፊት የቅጠሎቹ ቍጥር፣ ርዝመት፣ ስፋት፣ ውፍረትና የቅስቱ ከፍታ ተለክቶ በሥዕል ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ሲለወጥ አንድ ቅጠል ለብቻው ሳይሆን ሙሉው ባሌስትራ እንደ አንድ አካል ይታይ፤ በግራና በቀኝ ባሌስትራ ባላቸው መኪኖችም ሁለቱ በአንድነት ይመርመሩ። ሦስተኛ፣ በየጋራዡ ያሉ ነባር ሠራተኞች የሚናገሩት የሙያ ቃልና የሚሠሩበት ዘዴ ተሰብስቦ በማኅበሩ ስም ይታተም።

ሞዴል ቲን የነደፉት ሰዎች አንድ ነገር ተረድተው ነበር። መኪናዋ አንድ ቀን በማያውቁት ገበሬ ግቢ ውስጥ እንደምትፈታ ያውቁ ስለ ነበር፣ ሊፈታና ሊመለስ በሚችል መንገድ ሠሯት፤ አሠራሩንም ጽፈው ሰጡት። ባሌስትራውን የሚለውጥ ሁሉ ሳያያቸው የሚያነጋግራቸው በዚህ ነው። የእኛም ሥራ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ሠራተኛ እንዲህ ያለ ንግግር ትቶ ማለፍ ይኖርበታል።